የምክር ዓምድ፦ ወንድሜን ያደከመው መርፌው ነው?

«ጅማ ከእናቴ ጋር የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ታናሼ በሴትነት ያደገ ነው፤ አሁን ግን ወንድሜ ነው። ሚኒያፖሊስ ይኖራል። እዚያ በክሊኒክ ክትትል ለፆታ ሽግግር ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን መውሰድ ከጀመረ 10 ወሩ ነው፤ በየ2 ሳምንቱ 160 ሚሊግራም ራሱን ይወጋል። ለ2 ወር ሊጠይቀን መጥቶ 3 ሳምንት ሆነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አይተኛም፤ ረፋድ ላይ በግድ ነው የሚነሳው። ድሮ ትንፋሹ የማይሰማው ልጅ አሁን ሲያንኮራፋ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ሌሊት ያልበዋል። አንዳንዱን ቀን አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፤ አንዳንዱን ቀን ደግሞ ከአልጋ የሚወርድበት ጉልበት የለውም። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ይቅማል። ቤቱ እንግዳ ስለማያጣ ሲተኛም ልብሱን በደንብ የሚያወልቅ አይመስለኝም። እናቴ ‹መርፌው ሊገድለው ነው፣ ይተወው› እያለች ታለቅሳለች። እንዲተወው ልምከረው? ምንስ ላድርግለት?»

ውድ እህታችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ መርፌውን በድንገት ማቋረጥ ድካሙን አይነቅለውም፤ ያባብሰዋል። ቴስቶስተሮኑ ከደሙ እየወጣ ሲሄድ የሚመጣው መዛል፣ የስሜት መውረድ፣ ድንገት ፊትና ደረት ላይ የሚነድ ሙቀት ነው። ቆይቶም ቆሞ የነበረው የወር አበባ ይመለሳል። የጎረነነው ድምፅ ግን ተመልሶ አይቀጥንም። ማቋረጡ የሚያውቁትን የድሮ ልጅ አያመጣላቸውም፤ አሁን ቤታቸው ያለውን ልጅ ነው የሚያደክምባቸው።

ይህን ስንል ድካሙን ማቃለላችን አይደለም። ማንኮራፋቱም «ወንድ ነው፣ ያንኮራፋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የጻፍሽልን ሁሉ ከአንድ መርፌ የመጣ አይደለም። ከደብዳቤሽ የሚታየን ብዙ ምክንያት ተደራርቦ ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ የሚመጣበት የራሱ ቀንና ሰዓት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ደብተር ነው። ለ14 ቀን፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ የመርፌ ዙር፣ በየቀኑ እነዚህን ይጻፍ፦ ዛሬ ከመርፌው ስንተኛ ቀን እንደሆነ (የተወጋበትን ቀን 0 ብሎ)፣ ስንት ሰዓት እንደተኛና እንደተነሳ፣ ቡና፣ ጫትና መጠጥ በስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ጠዋት ራሱን አሞት እንደነበር፣ ቀትር ላይ ጉልበቱን ከ10 ስንት እንደሚሰጠው። ራሱ ይጻፈው። አንቺ ደብተሩን ስጪው እንጂ እንደ ተቆጣጣሪ አትከታተዪው።

አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያቅተው ቀን ከመርፌው በኋላ ባሉት 2 እና 3 ቀናት፣ አልጋ የሚይዘው ደግሞ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ከሆነ፣ ያ የመርፌው መውጣትና መውረድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሰጠው ሳይፒዮኔት የተባለው ዓይነት በዘይት የተሟሟ ነው። ከተወጋበት ቦታ ቀስ እያለ ይለቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ደም ውስጥ ጫፍ ይደርስና ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። በ8 ቀን አካባቢ እየተጋመሰ ስለሚሄድ ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ሰውነቱ ባዶ ቤት እንደቀረ ሰው ይሆናል። መፍትሔው መጠን መጨመር አይደለም። ያንኑ ድምር ከፍሎ በየሳምንቱ 80 ሚሊግራም መውጋት ነው። ይህ የተለመደ አሰጣጥ ስለሆነ ለክሊኒኩ በመልእክት ጽፎ ሐሳባቸውን ይጠይቅ፤ ከመለሱለት በኋላ ይጀምር። ሲቀዳም የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብብ፦ በ1 ሚሊሊትር 200 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ 80 ሚሊግራም ማለት 0.4 ሚሊሊትር ነው፤ 100 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ ግን 0.8 ሚሊሊትር ነው። ጠርሙስ ሲቀየር ቁጥሩን ሳያዩ በልማድ መቅዳት እጥፍ ወይም ግማሽ ያስወስዳል። እግረ መንገዳችንን፣ ጠርሙሱን ለጥንቃቄ ብላችሁ ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቡት። ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱ እንደ ስኳር ይረጋል፤ የጅማ ቁም ሳጥን ይበቃዋል። ያገለገለው መርፌም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣል፤ ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይጠራቀምና ለጤና ተቋም ይሰጥ።

የሆርሞኑን መጠን በደም ሲያስለካም ቀኑ ወሳኝ ነው። በየ2 ሳምንቱ ለሚወጋ ሰው ትክክለኛው ቀን መካከሉ፣ 7ኛው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ቁጥሩ በዴሲሊትር ከ400 እስከ 700 ናኖግራም ቢሆን ይመረጣል። በተወጋ ማግስት ከተለካ ቁጥሩ ተራራ ላይ ይገኝና «ቀንሱለት» ይባላል፤ በ14ኛው ቀን ከተለካ ደግሞ ወደ ታች ይወርድና «ጨምሩለት» ይባላል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ በስሕተቱ የሚደክመው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ማንኮራፋቱ እንምጣ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን እሱ ነው። ቴስቶስተሮን ሲጀመር ክብደት፣ የአንገት ውፍረትና የጉሮሮ ጡንቻ ይለወጣሉ፤ አንጎል ትንፋሽን የሚቆጣጠርበት መንገድም ይነካል። አንዳንዱ ሰው ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋና ትንፋሹ ይቋረጣል። አንጎሉ ደንግጦ ለሰከንዶች ይነቃል፣ አየር ይስባል፣ መልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም፤ 9 ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ያልተኛ ሆኖ ይነሳል። ይህ ዓይነቱ ድካም የመርፌ ቀን አያውቅም፤ በየጠዋቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከራስ ምታትና ከአፍ መድረቅ ጋር ይመጣል።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ስልኩን ራስጌው አድርጎ፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ድምፅ እንዲቀዳ ያድርግ። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ በማቃሰት ወይም በመተናነቅ የሚመለስበትን ጊዜ ይቁጠር። በሰዓት ከ5 ጀምሮ እንደ በሽታ ይታያል፤ ከ15 በላይ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ስልክ ምርመራን አይተካም፤ ነገር ግን ለሐኪም ቢሰማ ብዙ ነገር ይናገራል። በልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱንም ይለካ፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። የደም ግፊቱም ይለካ። እስከዚያው በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ይተኛ። ራስጌው በትራስ ቁልል ሳይሆን ከአልጋው እግር በታች እንጨት ገብቶ ከፍ ይበል፤ ትራስ ሲደራረብ አንገት ይታጠፍና ጉሮሮን ያጠባል። ቀረጻው ከባድ ነገር ካሰማ ሲመለስ የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቅ። በዚህ ምክንያት ቴስቶስተሮንን መተው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ጉሮሮን በአየር ግፊት ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ አለ።

ማንኮራፋቱና ደሙ የተያያዙ ናቸው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር የደም ኦክስጅን ይወርዳል፤ ኩላሊት ይህን ሲያይ መቅኒን «ቀይ የደም ሕዋስ ጨምር» ብሎ ያዛል። ቴስቶስተሮንም በራሱ ያንኑ ያዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደሙ ይወፍራል። የወፈረ ደም በጠባብ ሥር ውስጥ ይንቀራፈፋል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይዞርበታል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ይደክመዋል። ስለዚህ ጅማ እያለ ቢያንስ አንድ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ያስመርምር፤ ውጤቱ ላይ «ሄማቶክሪት» የሚለውን፣ ማለትም ከደሙ ስንት በመቶው ቀይ የደም ሕዋስ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይፈልግ። ከ54 በመቶ በላይ ከሆነ ቀጣዩን መርፌ ሳይወጋ በፊት ያንኑ ቀን ለክሊኒኩ ይጻፍ፤ መጠን መቀነስ ወይም ለጊዜው ማቆም ካስፈለገ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከ50 በላይ ሆኖ ከድሮው እየጨመረ ከመጣም ያሳውቃቸው። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ምርመራ በየ3 ወሩ ስለሚደረግ እስካሁን 3 ያህል ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ ስልኩ ላይ ያውጣና ያነጻጽር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው፣ መታወቂያው «ሴት» የሚል ከሆነ ላቦራቶሪው ከሴት ልክ ጋር ያስተያየዋል፤ በወንድ ልክ ጤነኛ የሆነውን 47 በቀይ ምልክት «ከፍተኛ» ብሎ ያወጣዋል። ቴስቶስተሮን ለወራት የወሰደ ሰው ሄማቶክሪቱ የሚታየው በወንድ ልክ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው። ሲቅም ውሎ፣ ምግብም ውኃም ትቶ በማግስቱ ደም ከሰጠ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን አይቃም፤ በደንብ ውኃ ይጠጣ። ሚኒያፖሊስ ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ። ከፍታው ቁጥሩን በትንሹ ሊጨምረው ቢችልም 54ን ለማለፍ ሰበብ አይሆንም።

ስለ ሌሊቱ 8 ሰዓት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ8 ወይም የ9 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ስለሚፈልግ በ3 ሳምንት ይህ ማለፍ ነበረበት። እንዳያልፍ ያደረጉት ምናልባት ሦስት ናቸው። አንዱ ስልኩ ነው፦ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሥራ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው፤ ጓደኞቹ የሚደውሉት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው የከሰዓት ቡና ነው። ካፌይን በ5 ሰዓት ገደማ ይጋመሳል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣው አቦል ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ቡና እምቢ ማለት ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ እምቢ አይበል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሲጠራ በረካው ላይ ደርሶ አንድ ስኒ ይቅመስ።

ሦስተኛው ጫቱ ነው። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍን ይገፋል። ከዚያ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ይመጣል፤ መጠጡ ደግሞ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ ማንኮራፋቱን ያከብደዋል፣ የትንፋሹን መቋረጥ ያረዝመዋል። በማግስቱ ሐራራው ያደነዝዘዋል፤ መርፌው ይወቀሳል። ጫቱን በድንገት ካቆመ ለጥቂት ሌሊት ዱካክ ሊጫነው ስለሚችል አያስደንግጣችሁ። ቢያንስ መጠኑን ይቀንስ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ይጨርስ፣ ጨብሲውን ግን ፈጽሞ ይተው። የሚነሳበት ሰዓት የተኛበት ሰዓት ምንም ይሁን ጠዋት 1 ሰዓት ይሁን፤ እንደተነሳ ለግማሽ ሰዓት ደጅ ወጥቶ ብርሃን ይሙቅ። ቀን ላይ ካሸለበው 20 ደቂቃ፣ ያውም ከ9 ሰዓት በፊት። ለመጀመሪያዎቹ 4 እና 5 ቀናት ይብስበታል፤ ከዚያ ይስተካከላል።

ቴስቶስተሮን ራሱ በእንቅልፍ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም እያልን አይደለም። በአንጎል ሞገድ መለኪያ እንደታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጥልቁ እንቅልፍ በጥቂቱ ያጥራል፤ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ደግሞ ቶሎ ይመጣል፣ ይረዝማልም። ብዙዎች ሕልማችን ደመቀ፣ ሙቀት በዛብን፣ ላብ በዛብን ይላሉ። ላቡ ትኩሳት ሳይኖረው፣ በተለይ ከመርፌው ማግስት የሚብስ ከሆነ ከዚህ ነው፤ ስስ አንሶላና የተከፈተ መስኮት ይበቃዋል፤ አጎበሩ ግን አይነሳ። ላቡ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት ወይም ከቁርጥማት ጋር ከመጣ ግን ሆርሞን ብላችሁ አንድ ሌሊት አትጠብቁ። በጅማ ዙሪያ፣ በግልገል ጊቤ በኩል ጭምር፣ ወባ አለ፤ ውጭ የኖረ ሰው ደግሞ የቀድሞ መከላከያው ይዳከማል፣ ቶሎ ይጠናበታል። ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይታይ። ለመንገድ የወባ መከላከያ ተሰጥቶት እንደሆነም ጠይቂው፤ በየሳምንቱ የሚዋጠው ሜፍሎኪን በራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ክፉ ሕልም ያሳያል። ከሆነ ያዘዘለት ሐኪም በሌላ ይቀይርለት።

«ልብሱን በደንብ የሚያወልቅ አይመስለኝም» ያልሽው ላይ ቆም ብለናል። ደረቱን የሚያስተኛ ጠባብ ማሰሪያ ለብሶ የሚተኛ ከሆነ፣ ሳንባው ሌሊቱን ሙሉ ተጨብጦ ያድራል። ይህ ብቻውን ሰው ያደክማል፤ የጎድን አጥንትን ያሳምማል፤ ከማንኮራፋቱ ጋር ሲደመር ደግሞ አደገኛ ነው። ማሰሪያ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይለበስም፣ ሲተኙም አይለበስም። በፋሻ የሚጠቀልል ከሆነ ጭራሹን ይተው፤ ፋሻ ሰው በተነፈሰ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ይህን እናትሽ ባሉበት አታንሺበት። የማያወልቀው ፈርቶ እንጂ ሳያውቅ ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከምክር በፊት ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ስጪው። ቁልፉ ከሌለ መወርወሪያ አስገጥሚለት። እንግዳ ሳያንኳኳ እንዳይገባበት ማድረግ ካንቺ በቀር ማንም የማይችለው እርዳታ ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚከብደው ይገባናል። የሕይወት ታሪኩን መናገር አይጠበቅበትም፤ መድኃኒቱን ግን አይደብቅ። «ቴስቶስተሮን ሳይፒዮኔት እወጋለሁ፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋሁት በዚህ ቀን ነው» ማለቱ ለሲቢሲውም ለግፊቱም ይበቃል። ቴስቶስተሮን ሰውነታቸው ራሱ ለማያመነጭ ወንዶችም የሚታዘዝ ስለሆነ ለውስጥ ደዌ ሐኪም እንግዳ መድኃኒት አይደለም። ምስጢር መጠበቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። ጎረቤት ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ አንቺም ጉዳዩን ለማያስፈልገው ሰው አታውሪ፤ ለእሱ ደኅንነት የሚበጀው ይህ ነው።

ሄማቶክሪቱ ደህና ሆኖ፣ ቀረጻውም ንጹሕ ሆኖ፣ ድካሙ ግን ከመርፌው ቀን ጋር የማይወጣ የማይወርድ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራና የሰውነቱ የብረት ክምችት ይታይለት፤ በተለይ የወር አበባው ያልቆመ ወይም ደም የለገሰ ከሆነ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልብ ነው። ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ይህም 2 ሳምንት ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። መኖር አልፈልግም ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ ያንኑ ቀን ይዘሽው ሂጂ።

ይህን የምታነቡ፣ ወደ ሴትነት ለመሸጋገር ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የምትወስድ እህት ያለቻችሁም ጻፉልን፤ ለአሁኑ ባጭሩ፦ ከኤስትሮጅኑ ጋር አብሮ የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒት ሽንት ያበዛል፤ ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሲያስነሳ ያድራልና በሐኪም ፈቃድ ወደ ጠዋት ይዛወር። ፖታሲየምንም ከፍ ስለሚያደርግ የጅማን አቮካዶና ሙዝ በየቀኑ በጭማቂ ከማብዛት በፊት ፖታሲየሟን ታስለካ። ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላውን የሴት ሆርሞን የምትውጥ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣልና ማታ ይሁን።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ደረቱን ከወጋው፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ደብተር አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በመመለሻው ረጅም በረራም በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ተነስቶ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ። መድኃኒቱንና መርፌውን ስሙ ያለበትን የፋርማሲ ጽሑፍ ሳይነቅል በእጅ ሻንጣው ይያዝ።

ለእናትሽም ሥራ አለን። የከሰዓቱን ቡና ወደ ጠዋት ያዛውሩት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በረንዳ ወይም ደጅ፣ ብርሃኑ ባለበት ያፍሉት፤ ልጃቸው ለአቦሉ እንዲነሳ እሳቸው ራሳቸው ይጥሩት።